የሊኑክስ ጽሑፍ አርታኢ ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በሲ ቋንቋ ለሊኑክስ የጻፍኩትን አነስተኛ የጽሑፍ አርታኢ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ላደርገው ስሞክር «ተርሚዮስ» የሚባለው ሄደር ፋይል አልተገኘም ይለኛል። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጻፍ ይኖርብኛል?

መልስ፦ አይኖርብዎትም። ለራስዎ ብቻ ከሆነ የዊንዶውሱ የሊኑክስ ንዑስ ሥርዓት ኮዱን ሳይነኩ ያስኬድልዎታል፤ ለሌሎች የሚያድሉት ከሆነ ግን ማሻገሩ ግድ ነው። በተርሚዮስ በኩል አርታኢዎ ኢንተር እስኪጫን ሳይጠብቅ እያንዳንዱን ቁልፍ ያነባል፤ ዊንዶውስ ይህንኑ የሚሠራው በራሱ የኮንሶል ትእዛዞች ስለሆነ ሄደሩ የለውም። ስለዚህ ቁልፍ የሚያነበውን፣ የመስኮቱን ስፋት የሚጠይቀውንና ፋይል የሚያስቀምጠውን ኮድ ከቀሪው ለይተው በአንድ ፋይል ይሰብስቡና ለዚያ ፋይል ብቻ የዊንዶውስ አቻ ይጻፉለት። ስክሪን ላይ የሚስለው ክፍል ብዙም አይነካም፤ የዊንዶውስ 10 ኮንሶል፣ ሁነታው እንዲበራ ከተጠየቀ፣ እንደ ሊኑክስ ያሉትን የዩኒክስ ቤተሰብ ተርሚናሎች የማምለጫ ኮዶች (ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሱና ቀለም የሚቀይሩ የምልክት ቅደም ተከተሎች) ይረዳል።

ቪአይ የተባለውን የዩኒክስ አርታኢ አስመስሎ የተሠራው የጽሑፍ አርታኢ ቪምም የኖረው በዚህ ስልት ነው። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሊ የጀመረው ቪአይ የዩኒክስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ኮድ ስለነበረበት ማንም እንዳሻው ወስዶ ሊያሻግረው አልቻለም፤ በመሆኑም አስመሳዮቹ ከባዶ ተጻፉ። በ1987 ቲም ቶምፕሰን ለአታሪ ኤስቲ ኮምፒውተር «ስቲቪ» የተባለውን አስመሳይ ሠራ፤ ብራም ሞሌናር ደግሞ ከስቲቪ ተነሥቶ ለአሚጋ ኮምፒውተር ያዘጋጀውን ቪም በ1991 አወጣ። ቪም በዓመቱ ወደ ዩኒክስ ተሻገረ፤ የዩኒክስ አርታኢ አስመሳይ በአሚጋ በኩል ዞሮ አገሩ ገባ ማለት ነው። ለዩኒክስና ለዊንዶውስ የተለዩት የሶርስ ኮድ ፋይሎቹ ዛሬም ለየብቻቸው ተቀምጠዋል፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አንድ መስመር ከመጻፌ በፊት እነሱን አነብ ነበር።

ኮምፓይለሩ የማይነግርዎት ችግር ግን ፋይል ላይ ነው። ዩኒክስ መስመርን በአንድ ምልክት ሲዘጋ ዊንዶውስ በሁለት ይዘጋል፤ ፋይሉን በጽሑፍ ሁነታ ከከፈቱት የዊንዶውሱ የሲ ላይብረሪ ሲያነብና ሲጽፍ ምልክቶቹን ሳያማክርዎ ይለዋውጣል፤ አንዲት ፊደል ያረመ ሰው ሳያውቀው የፋይሉን መስመሮች በሙሉ ሊለውጥ ይችላል። ሁልጊዜ በባይነሪ ሁነታ ይክፈቱ፤ ፋይሉ የመጣበትን የመስመር አዘጋግ ያስታውሱና በዚያው ያስቀምጡ። በተጨማሪም በዩኒክስ የፋይል ስም የሚቀይረው የሲ ተግባር «ሪኔም» ነባሩን ፋይል በአዲሱ ሲተካ፣ በዊንዶውስ ነባር ፋይል ካለ እምቢ ይላል። ብዙዎች ነባሩን መጀመሪያ ሰርዘው ያልፉታል፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ግን ተጠቃሚው ፋይሉን በስሙ ፈልጎ አያገኘውም። በዚህ ፈንታ የዊንዶውሱን ተግባር «ሙቭፋይልኤክስ»ን ከመተኪያ ምርጫው ጋር ይጠቀሙ።

ሲፈትሹ የአማርኛ ጽሑፍም ይጨምሩ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ ጠቋሚው በፊደል እንጂ በባይት መንቀሳቀስ የለበትም፤ የኮንሶሉ ኮድ ፔጅም (ባይቶችን ወደ ፊደል የሚተረጉምበት ሠንጠረዥ) 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8፣ መሆኑን ያረጋግጡ።