ደብዳቤህ ላይ ቀን የለም

ከሶማሌ ክልል የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። አንድ የውጭ ነዳጅ ፈላጊ ኩባንያ ከመንደራችሁ አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረ። ከዚያ የቢርካችሁ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያችሁ፣ ውሃ ላይ ቅባት ታየ፣ ፍየሎች ማለቅ ያዙ። ኩባንያው ውሃ በቦቴ እያመጣ «ስለ ካሳው እንነጋገራለን» ይላል። መክሰስ እንችላለን ወይ ነው ያልከኝ። ለደረሰባችሁ ሁሉ ከልቤ አዝናለሁ።

አዎ፣ መክሰስ ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብታችሁ ነው ይላል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ ወይም በውሳኔው ካልተስማማህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ያስከፍላል። ይሄ ቀላሉ ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሞቱትን ፍየሎች በቁጥር ነግረኸኛል፣ የቦቴውን ቀለም ሳይቀር ጽፈሃል፣ ቀን ግን የለም። «ካለፈው ድርቅ በኋላ» ብቻ ነው ያልከው። አትቀየመኝ፣ ከሁሉም በፊት መጻፍ የነበረብህ እሱን ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከረዘመ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፣ በዚያ ተማምነህ ግን አትቀመጥ።

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «ቅባቱ አሁንም ውሃው ላይ አለ፣ ስለዚህ ጉዳዩ አልሞተም» ይላል። የናይጄሪያ የባህር ዳርቻ ሰዎችም እንደዚያ ተከራክረው ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ከነዳጅ ኩባንያው ሼል ቦንጋ ከተባለ የናይጄሪያ ባህር ላይ የነዳጅ መስክ 40,000 በርሜል ያህል ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። ለንደን ላይ ክስ የመሠረቱት ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ በኋላ ክሱን ማሻሻልና ተከሳሽ መቀየር ሲፈልጉ የይርጋ ጥያቄ መጣባቸው፣ እነሱም ዘይቱ መሬታችን ላይ እስካለ ድረስ ጉዳቱ በየቀኑ አዲስ ነው አሉ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አልተቀበላቸውም። የፈሰሰው አንድ ጊዜ ነው፣ ዘይቱ ስለቆየ ጊዜው እንደገና አይቆጠርም አለ። ያ የእንግሊዝ ሕግ ነው፣ የኛን ፍርድ ቤት አያስገድድም። ግን የኩባንያው ጠበቃ ተመሳሳይ ክርክር ይዞ እንደሚመጣ አትጠራጠር።

ቦቴው በመጣ ቁጥር እናንተ ተስፋ ታደርጋላችሁ፣ ቀኑ ግን ይሄዳል። ሽማግሌ መላክና ወረዳ መመላለስ ጥሩ ነው፣ ይርጋውን ያቆማል ብለህ ግን አትተማመን። ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምታስገባው አቤቱታም እንደዚያው።

ሌላም የዘለልከው አለ። «አባቴ ትንሽ ገንዘብ ተቀበሉ» ብለህ አልፈሃል። ምን ላይ ፈረሙ? ካሳውን ጨርሰን ተቀብለናል የሚል የስምምነት ወረቀት ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንደ መጨረሻ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። አባትህ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነና ያሳረፉት የጣት አሻራ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 1728ን ጠበቃህ ይመልከተው፤ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ያላረጋገጠው አሻራ አያስገድዳቸውም። ወረቀቱን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። እስከዚያው ማንም ቤተሰብ ሌላ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፣ አደራ።

በሃይላንድ ቀድቼ ቤት አስቀምጫለሁ ያልከው ውሃ ብቻውን አይበቃም። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደቀዳው ማን ይመሰክራል? የወረዳው የጤና ወይም የውሃ ባለሙያ ባለበት እንደገና ይቀዳ፣ ይታሸግ፣ ቀኑ ይጻፍበት። ከእንስሳት ሐኪሙ የጽሑፍ ማስረጃ ውሰድ። የቦቴውን ታርጋና በሩ ላይ ያለውን የድርጅት ስም ፎቶ አንሳ፤ ቆፋሪው፣ ውሃ አመላላሹና ፈቃድ ያለው ኩባንያ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የተሳሳተውን ከከሰስክ ጊዜህ እዚያው ያልቃል።

ዛሬ ማታ ከእናትህ ጋር ቁጭ በልና የመጀመሪያዋ ፍየል የሞተችበትን ቀን አስታውሱ። በጉ የዝናብ ወቅትም ሆነ በረመዳን ቁጠሩት፣ ብቻ ጻፉት። እሱንና አባትህ የፈረሙበትን ወረቀት ይዘህ በዚህ ሳምንት ጅጅጋ ወርደህ ጠበቃ አነጋግር።