ክንፉ ለምን ሦስት እጥፍ አይጠነክርም?

ከእናንተ አንዱ «የአውሮፕላን ክንፍ የሰው ሕይወት ተሸክሞ እንዴት ከሚጠበቀው ሸክም 1.5 እጥፍ መቻል ብቻ ይበቃዋል? ለምን 3 እጥፍ አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ኤርባስ አውሮፕላን ወደሚሠራባት የፈረንሳይ ከተማ ቱሉዝ በሐሳብ ወሰደኝ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኤርባስ ኤ380 የተባለውን ግዙፍ አውሮፕላን ክንፍ እስኪሰበር ጫነው። ደንቡ፣ በአገልግሎት ዘመኑ ይገጥመዋል የተባለው ትልቁ ሸክም በ1.5 ተባዝቶ ክንፉ ለ3 ሰከንድ ይሸከመው ይላል። ያ ክንፍ 1.45 ላይ ሲደርስ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ተሰበረ። 3 በመቶ ገደማ ጎደለው ማለት ነው። ጋዜጣው «ወደቀ» አለ፤ እኔን የሚገርመኝ ስሌቱ ምን ያህል እንደተጠጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የቦይንግ 777 ክንፍ ጫፉ ከ7 ሜትር በላይ ወደ ላይ ታጥፎ የተሰበረው በዚያው መለኪያ 1.54 ላይ ነበር። 3 እጥፍ ቢሆን ኖሮ ትርፉን ብረት በየበረራው ነዳጅ እያቃጠሉ መሸከም ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ሌላ ብረት ይጠራል። ኤርባስም ክንፉን እንደ አዲስ አልነደፈም፤ የሳሳውን ቦታ አጠናከረ።

የዘንድሮ ልጆች ኮምፒውተሩ ውጥረት የበዛበትን ቦታ በቀይ ባሳያችሁ ቁጥር ብረት ትደርባላችሁ። የተደረበበት ቦታ ሲገትር የጎረቤቱን ሸክም ወደ ራሱ ይስባል፤ ስብራቱ ድርቡ ወደሚያልቅበት ጠርዝ ይዛወራል። መጀመሪያ በእጅ አስሉ። በርግጥ ያን 3 በመቶ ድረስ ያቀረበንም ኮምፒውተሩ ነው፤ አልክድም።

«የትኛው ብረት ይበልጣል?» ማለትም ተዉ። በበረራ ላይ የክንፉ የላይ ሽፋን ይታመቃል፤ በሪቦች (የክንፉን ቅርጽ በሚይዙ የውስጥ አጥንቶች) መካከል እንዳይጎብጥ በስትሪንገር፣ ማለትም በክንፉ ርዝመት በተዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች፣ ይደገፋል፣ ብዙ ጊዜም ዚንክ ከገባበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራል። የታችኛው ይሳባል፤ ጠላቱ ስንጥቅ ስለሆነ ጥንካሬው ቢያንስም ስንጥቅን የሚታገሥ መዳብ ያለበት ቅይጥ ይመረጥለታል። በሚሳብ ሽፋን ላይ ለማሰሪያ የተሰረሰረ የክብ ቀዳዳ ጠርዝ ከዙሪያው 3 እጥፍ ያህል ውጥረት ይገጥመዋል። ስለዚህ ከቀዳዳው የወፈረ ዘንግ በግድ ተስቦ ያልፍበታል። ጠርዙ ይሰፋና ዙሪያው መልሶ ያምቀዋል፤ ስንጥቅ በቀላሉ አይጀምርም። ቀዳዳው ሻካራ ከሆነ ወይም በመሰርሰሪያ ከተጫረ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

የጥንካሬ ሙከራ ደግሞ ሁሉን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኤ380ዎች ክንፍ ውስጥ ስንጥቅ ሲገኝ፣ የተሰነጠቁት ስፓሮቹ፣ ማለትም የክንፉ ዋና ተሸካሚ ምሰሶዎች፣ አልነበሩም፤ ሪብን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዙ ትናንሽ መያዣዎች ነበሩ።