ጠጁ የኮመጠጠው እርስዎ ቤት ስላልነበሩ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ቢቸና ስለሆነ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት አልገኝም። 3 ኪሎ ማር በ15 ሊትር ውኃ በጥብጬ፣ የጌሾ ቅጠል ጨምሬ በጀሪካን ጠጅ ጣልኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደኅና ነበር፤ እንግዳ መጥቶ ግማሹን ቀዳንለት። በሦስተኛው ቅዳሜ ስመለስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ላዩም ነጭ ነገር ለብሷል። ስኳር ቢጨመርበት ይመለሳል? ወይስ ሰው ቀጥሬ በየቀኑ ላስጠብቀው?»

መልስ፦ ሰው አይቅጠሩ። ጠጅ የሰው እጅ በእርግጥ የሚፈልገው ሦስት ጊዜ ነው፤ ማሩ ሲበጠበጥ፣ ጌሾው ሲገባ እና ሲጠለል። ሦስቱንም ቅዳሜና እሑድ ላይ ማዋል ይቻላል። የቀረውን ራሱ ይሠራዋል።

የእርስዎን ጠጅ በመጀመሪያ የጎዳው ስፍሩ ነው። «አንድ ማር ለሦስት ውኃ» ሲባል በጣሳ ተሰፍሮ እንጂ በሚዛን ተመዝኖ አይደለም። ማር ከውኃ ስለሚከብድ አንድ ኪሎው የሊትር ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 3 ኪሎ ማር ከ2 ሊትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የሚበቃው ውኃም 6 ሊትር ያህል ነበር። እርስዎ 15 ሲያደርጉት አንድ ለሰባት ሆነ። እንዲህ የቀጠነ ብርዝ መፍላቱ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚያወጣው አልኮል ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይኮመጥጣል። ማር በተወደደበት ጊዜ ውኃ ማብዛት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ቢሆንም ከ15 ሊትር ኮምጣጤ 7 ሊትር ጠጅ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥፋት የተፈጸመው እንግዳው በሄደ ማግሥት ነው። ጠጅ በኃይል በሚፈላበት ወቅት የሚያወጣው ጋዝ አየሩን ከዕቃው ውስጥ እየገፋ ያስወጣል። ፍላቱ ሲበርድ ይህ ጥበቃ ይቆማል። ግማሹ የተቀዳ ጀሪካን ደግሞ ግማሹ አየር ነው፤ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉትም አየር ነው። ከቀዱ በኋላ የተረፈውን አነስ ወዳለ ዕቃ እስከ አንገቱ ሞልተው ቢገለብጡት ኖሮ ሳምንቱን ይሻገር ነበር።

አሁን እንደገና ሲጥሉ ዓርብ ማታ እንደገቡ ይጀምሩ። ለ3 ኪሎ ማር 10 ሊትር የሚይዝ፣ ዘይት ያልነካው ንጹሕ ዕቃ ይበቃዎታል። በግራዋ አሽተው ይጠቡት። እንስራ ካለዎትና በወይራ ካጠኑት መዓዛው ሌላ ነው፤ ሳምንቱን ብቻውን ለሚሰነብት ጠጅ ግን እኔ በደንብ የሚከደነውን ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ እመርጣለሁ። ማሩ ጥሬ፣ ከነሰፈፉ የሆነውን ይግዙ። ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ይበጥብጡትና በጨርቅ ሸፍነው ይተዉት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ሰፈፍ ይግፈፉ፤ ሰሙን ግን አይጣሉት። ከብርዙ አንድ ሁለት ሊትር ቀንሰው፣ ሁለት እፍኝ የተሰነጠቀ የጌሾ እንጨት ጨምረው ያፍሉ። ቅጠሉን ለጠላ ይተዉት፤ ጠጅን ያደፈርሰዋል፣ ሲያጠልሉትም ያስቸግራል። የፈላው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ወደ ዕቃው እንዳይመልሱት፤ ጠጁን የሚያፈላው እርሾ በጥሬው ማር ውስጥ ያለው ነውና ትኩሱ ይገድለዋል። ብርዙን በሙሉ አፍልተው የጣሉ ሰዎች «አልፈላ አለኝ» የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሰው ዋናው ነው። ክዳኑን በስተው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ያስገቡበት፤ ዙሪያውን ባስቀሩት ሰም ይድፈኑት፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ግማሽ ድረስ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ያስምጡት። ጋዙ በውኃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር ግን ተመልሶ አይገባም። ክዳኑን አጥብቀው ጠርቅመውት ብቻ እንዳይሄዱ፤ ዕቃው ይነፋል፣ ብርጭቆ ከሆነም ይፈነዳል። ከዚያ ጋቢ ጠቅልለው፣ ፀሐይም ምድጃም ከማይደርስበት ጥግ አስቀምጠው ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራዎ ይሂዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጊዜ ከፍተው ይቅመሱት። ምሬቱ ከበቃዎት ጌሾውን ያውጡ፤ ካልበቃዎት መልሰው ይክደኑት። የደብረ ማርቆስ ብርድ ፍላቱን ስለሚያዘገየው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ባሕር ዳር ቢሆኑ ሞቅ ስለሚል ቀድሞ ይደርስ ነበር። ብርዱ ለእርስዎ ጥቅም ነው፤ አንድ ቅዳሜ ቢያመልጥዎት ብዙ አይጎዳዎትም። ቡልቅታው ሲቆም በንጹሕ ነጠላ አጥልለው በትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ይሙሉ። እንግዳ ሲመጣ አንዱን ብቻ ይከፍታሉ፤ ሌሎቹ አይነኩም። ጠርሙሱ በእጅ ሲጫኑት ከጠጠረ ክዳኑን ላላ አድርገው ያስተንፍሱት።

የኮመጠጠውን በተመለከተ፣ ስኳሩን ለሻይ ያቆዩት። ስኳር ሲገባ ጠጁ እንደገና ሊፈላ ይችላል፤ የገባው ኮምጣጤ ግን አይወጣም። ላዩ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር፣ ጸጉር ያለው ሻጋታ ካዩ ይድፉት። ነጭ ሽፋን ብቻ ከሆነ ገፍፈው፣ አጥልለው ለሰላጣ ኮምጣጤ ያድርጉት። የገባበትን ጌሾ ይጣሉት። ያንን ጀሪካን ለኮምጣጤው ይተዉለት እንጂ ጠጅ ደግመው አይጣሉበት።