ሰንሰለት ያለበት ግስ

ጥያቄ፦ የሠራተኞችን ዝርዝር በኤክሴል ስሠራ አንድ ባልደረባዬ «ስምና የአባት ስሙን ኮንካተኔት አድርጊው» አለኝ። መዝገበ ቃላት ባይ «ማያያዝ» ይላል። ታዲያ «ኮኔክት» ከሚለው በምን ይለያል? በተራ ወሬስ ይባላል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቃሉ ሆዱ ውስጥ ሰንሰለት አለ። በላቲን «ካቴና» ሰንሰለት ነው፤ «ኮን» ደግሞ «በአንድነት»። እኛም ከሰንሰለት «አሰናሰለ» እንላለን። መዝገበ ቃላትዎ ይህን ቢጽፍ ኖሮ እኔን ባላስፈለግሁ ነበር።

ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ስልክ ከቻርጀር ጋር ኮኔክት ሲደረግ ማን ቀደመ የሚል የለም። ኮንካተኔት ሲሆን ግን የአንዱ ጅራት ላይ የሌላው ራስ ይገጠማል። 12 እና 3 ሲሰናሰሉ 123 እንጂ 15 አይሆኑም፤ ቢገለበጡ 312።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ለሠልጣኞች ሰርተፊኬት ሳዘጋጅ ስሞቹን በኤክሴሉ «ኮንካተኔት» ፎርሙላ ገጣጥሜ ሳላይ ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁ። ታትሞ ሲመጣ «አልማዝከበደ»፣ «ተስፋዬወርቁ»! ኤክሴል የሰጡትን ብቻ ነው የሚገጥመው። በሁለቱ ስሞች መካከል በትእምርተ ጥቅስ የታቀፈ ባዶ ቦታ ያስገቡ። ቀን የሚያሰናስሉ ከሆነም ይጠንቀቁ፦ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ያሉት 45292 ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚይዘው በቁጥር ነውና። አስቀድመው «ቴክስት» በሚለው ፎርሙላ ወደ ጽሑፍ ይለውጡት። ኤክሴል 2019 ካለዎት ደግሞ «ቴክስትጆይን» ይሻልዎታል፤ ክፍት ቦታውን አንዴ ከነገሩት ስም፣ አባትና አያት መካከል ራሱ ያስገባል።

የዩኒክስ (የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ነው) ሰዎች ይህን ግስ ቆራርጠው «ካት» አድርገውታል። ከድመት ጋር ዝምድና የለውም። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ የነበረ፣ ፋይሎችን አሰናስሎ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። ዛሬ ብዙዎች አንዲት ፋይል ለማየት ብቻ ይጠሩታል፤ ምኑን ከምን እንደሚያሰናስሉ እንጃ።

በተራ ወሬ አይባልም። «ገመዱን ኮንካተኔት አድርግልኝ» ቢሉት እንግሊዙ ይስቅብዎታል። ከኮምፒውተር ውጭ የሚያጋጥመው ይልቁን ስሙ፣ «ኮንካተኔሽን»፣ ነው፤ እሱም በጽሑፍ፣ ተከታትለው ለመጡ ነገሮች፦ ዝናብ ጣለ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ፈተናው አመለጠ።

ግሱን፣ «ኮንካተኔት»ን፣ ሲያነቡ «ካ» ላይ ጫን ይበሉ።