ጥያቄና መልስ፦ የጥልቀት ካሜራ ከዜሮ በታች

መልስ ሰጪ፦ ርቀት የሚለካ ካሜራ ውጭ፣ ብርድ ላይ የምታሠሩ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ብርድ የመታውን ካሜራ በቀጥታ ሙቅ ክፍል አታስገቡ።

ጥያቄ፦ አዙር ኪኔክት የሚባለው የማይክሮሶፍት ጥልቀት ካሜራ ለብርድ ይሆናል?
መልስ፦ አይሆንም። የተፈቀደለት ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ዓይን ስቴሪዮ ነው ያለኝ። ቤት ውስጥ ልኬቱ ልክ ነበር፣ ውጭ ሳወጣው ተበላሸ። ለምን ይሆን?
መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው በዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። አሉሚኒየም በቅዝቃዜ ይሰበሰባል፤ ግን የ95 ሚሊሜትር ክፍተት በ40 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚያጥረው ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ነው። ይሄ ብዙም አይጎዳችሁም። ጣጣው ማዕዘኑ ላይ ነው። አንዱን ጎን ነፋስ ሲመታው፣ ሌላውን የራሱ ቺፕ ሲያሞቀው አካሉ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ዓይኖቹም ይዞራሉ። ስህተቱ ደግሞ በርቀቱ ካሬ ያድጋል፦ 2 ሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር የነበረው 8 ሜትር ላይ 16 ይሆናል። ስለዚህ ካሜራውን ከፍታችሁ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቁ። ካሊብሬሽኑንም (የዓይኖቹን ልኬት ማስተካከያ) እዚያው ብርዱ ላይ ሥሩት።

ጥያቄ፦ የኔ አልሠራም፣ ምን ላድርግ?
መልስ፦ የትኛው ካሜራ? በስንት ዲግሪ? ምኑ ነው ያልሠራው? እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ በረዶ የሸፈነው ሜዳ ላይ ምስሉ ባዶ ባዶ ይሆንብኛል።
መልስ፦ ስቴሪዮ በሁለቱ ምስሎች ላይ ተመሳሳይ ነጥብ ፈልጎ ነው የሚያዛምደው። ድፍን ነጭ ላይ ምን ያዛምድ? ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ቀንሱ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ሞክሩት፤ የእግር ዱካውም፣ ነፋስ የሠራው ሽንትርም ጥላ ያወጣል።

አንድ አባል፦ ለዚህ እኮ ነው የሌዘር ምልልስ ጊዜ የሚለካውን ግዙ የምለው!
ሌላ አባል፦ የሚወርደውን በረዶ ሁሉ ዕቃ አድርጎ ያየዋል እንጂ።
አንድ አባል፦ ማጣሪያ ይጻፍለታላ።
ሌላ አባል፦ ጻፍኩለት። ቀጫጭን ሽቦዎቹንም አብሮ ጠረጋቸው።
መልስ፦ ኧረ ተዉ። ሌዘሩም ቢሆን ብርድ ይቀይረዋል። የተራው ሌዘር ዳዮድ የብርሃን ሞገድ ርዝመት በየዲግሪው 0.3 ናኖሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በ40 ዲግሪ ለውጥ 12 መሆኑ ነው። ሌንሱ ላይ ያለው የብርሃን ፊልተር የሚያሳልፈው የሞገድ ክልል ጠባብ ከሆነ የራሱን ብርሃን ይመልሰዋል። ቪክሰል የሚባለው ዓይነት ግን በየዲግሪው 0.07 ገደማ ብቻ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከውጭ ሳስገባው ሌንሱ ላብ አወጣ፣ ምን ይሻላል?
መልስ፦ መጀመሪያ የጻፍኩት ምን ነበር? ገና ውጭ ሳላችሁ አጥፉትና ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጉት። ላቡ ከረጢቱ ላይ ይቅር። እስኪሞቅ አትክፈቱት፣ አታብሩት።

ጥያቄ፦ ባትሪውስ?
መልስ፦ ሊቲየም ከዜሮ በታች ቻርጅ አይደረግም።

ጥያቄ፦ መስታወት ያለው ሳጥን ውስጥ ብከተው የውሸት ነጥቦች ታዩኝ።
መልስ፦ ካሜራው የሚልከው የኢንፍራሬድ ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ሌንሱ እየተመለሰ ነው። በአመንጪውና በሌንሱ መካከል መስታወቱን የሚነካ ጥቁር ስፖንጅ አድርጉ። ካልለቀቀ የሳጥኑን ፎቶ ለጥፉ፣ ያለ ፎቶ አልመልስም።