ሞንታርቦ ወይስ ቤት ለቤት?

ጥያቄ፦ በአራዳ ክፍለ ከተማ ለምክር ቤት ዕጩ የምንቀሰቅስ ስምንት በጎ ፈቃደኞች ነን። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በራሪ ወረቀት ብናድልም ቆሞ ያናገረን ጥቂት ነው። በቀረችን ገንዘብ ሞንታርቦ የጫነ መኪና እንከራይ ወይስ ቤት ለቤት እንዙር?

መልስ፦ ቤት ለቤት ዙሩ። ሞንታርቦ ያሰማል እንጂ አይሰማም፤ የጎደላችሁ ደግሞ መስማቱ ነው።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ ቢቻል አንዱ የሰፈሩ ልጅ ይሁን። ለየጥንዱ ግቢውንና ብሎኩን ለይታችሁ ስጡ፤ አለዚያ አንድ በር ሁለቴ ይንኳኳና ሰው ይሰለቻል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከኮሚቴውና ከጥበቃው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይመቻል፤ በዚያ ጊዜ 20 በር ካዳረሳችሁ ጥሩ ነው። የድሮ ስም ዝርዝር አትመኑ፤ በ2016 ከፒያሳ በኮሪደር ልማት የተነሳው ሰው ብዙ ነው።

በሩ ሲከፈት ማንነታችሁን ተናገሩና «በዚህ ሰፈር መጀመሪያ ምን ቢስተካከል ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። የተባለውን በተናጋሪው ቃል ጻፉ። «ውኃ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለዕጩው ምንም አይነግረውም፤ «ውኃ የሚመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ እማማ ብቻቸውን ስለሆኑ ጀሪካን የሚሞላላቸው የለም» ተብሎ ሲጻፍ ግን የሚመልሰው ነገር ያገኛል። «እናሠራላችኋለን» አትበሉ፤ «መልሱን ሐሙስ ይዘን እንመጣለን» በሉ፣ ሐሙስም ተገኙ። ብዙ ቅስቀሳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጠይቆ የቀረ ቀስቃሽ ጭራሽ ካልመጣው ይብሳል።

የሰውን አቋም ከስሙ ጋር አትጻፉ። ወረቀቱ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ ሰፈሩ ሁሉ በር ይዘጋባችኋል። ከቤት ቁጥሩ ጎን ምልክት ይበቃል፤ መዝገቡም አንድ ሰው ዘንድ ይደር።

ዕድር የሁሉም ነው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስለ ዕጩ ማንሳት ነውር ነው፣ ድምፅም ያሳጣል። ዳኛውን ለብቻቸው አነጋግሩ፤ ስብሰባ ላይ ዕድል ከሰጡ ግን ለሌሎች ዕጩዎችም እንዲሰጡ ራሳችሁ ጠይቁ።

በራሪ ወረቀቱን ከደገማችሁት የምርጫ ምልክቱን ከዕጩው ፎቶ አታሳንሱት፤ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚፈልገው ምልክቱን ነው።

ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ቅስቀሳ ክልክል ነው። ስለዚህ የመልሱ ዙር ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቆጥራችሁ ዛሬውኑ መድቡ።