ቡፌ ውስጥ ያሉት እንስሳት ምን ትርጉም አላቸው?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ያረፈችው አክስቴ ቡፌዋን ለእኔ ትታልኛለች። ከሲኒውና ከብርጭቆው ጋር ጥንድ የፖርሴሊን ውሾች፣ ኩምቢውን ያነሳ ዝሆንና አንድ እጇን ያነሳች ድመት አሉበት። አንዷ ጎረቤቴ «ጣዖት ነው፣ አውጥተሽ ጣይው» ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ «ዝሆኑን ወደ በር አዙሪው፣ ሀብት ይጠራል» አለችኝ። የቷን ልስማ? (ከሐዋሳ፣ አቶቴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ምንም እንዳትጥይ። ጣዖት የሚባለው የሚሰገድለት ነው፤ አክስትሽ ግን እንደ አብዛኛው የእኛ ሰው ሳሎኗን ለማሳመር ነው ያስቀመጠቻቸው። ዝሆኑንም ወደፈለግሽበት አዙሪው። ወደ በር የሚባለው ፈንግ ሹይ ከሚሉት የቻይኖች የቤት አደራደር እምነት የመጣ ነው፣ ሀብት ግን በሥራ ነው የሚመጣው።

ድመቷን በጣም ወድጃታለሁ። የጃፓን ናት፣ ማኔኪ ኔኮ ይሏታል፣ ቦታዋም ብዙ ጊዜ ሱቅና ምግብ ቤት ነው። ግራ እጇን ካነሳች ደንበኛ፣ ቀኟን ካነሳች ገንዘብ ትጠራለች ይባላል። ፈረንጅ ሲያያት ቻው የምትል ይመስለዋል። ጃፓኖች ሰው ሲጠሩ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ነው፣ እኛም እኮ እንደዚያው ነው የምንጠራው! ስለዚህ እኛ ቤት ምንም አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ውሾቹን አገላብጠሽ እያቸው። የሚተያዩ ከሆነና ጀርባቸው ጠፍጣፋ ከሆነ አሠራራቸው ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስታፎርድሻየር የነበሩ የሸክላ ፋብሪካዎች እንዲህ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይሠሯቸው ነበር፣ ከእሳት ማንደጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ግራና ቀኝ ነው የሚቀመጡት፣ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ ስለሚዞር ብዙም አይደክሙበትም። ንግሥት ቪክቶሪያ በልጅነቷ ዳሽ የሚባል ስፓኒየል ውሻ ነበራት፣ ከእነዚህ የሸክላ ውሾች ብዙዎቹም የተሠሩት በዚሁ ዝርያ መልክ ነው፣ ዝርያው እንዲወደድ እሱም አስተዋጽኦ አድርጓል። ትርጉማቸው ታማኝነትና የሞቀ ቤት ነው። እኛ ጋ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሳሎን አይገባም፣ ጎረቤትሽ ቅር ቢላት አልፈርድባትም። የድሮዎቹ እንግሊዛውያን ውሾች ግን አብዛኞቹ ሸክላ እንጂ ፖርሴሊን አይደሉም። የስልክሽን መብራት ከስሱ ቦታ ጀርባ ያዢ፤ ብርሃን ካሳለፈ ፖርሴሊን ነው።

ፖርሴሊንን ቻይናዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩት አውሮፓውያን ሚስጥሩ ጠፍቷቸው ነበር። በ1710 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀርመን ውስጥ ማይሰን ላይ ፋብሪካ ተከፈተ። የአካባቢው ገዢ የነበረው ንጉሥ አውግስጦስ ድሬስደን ከተማ ላለው ቤተ መንግሥቱ እውነተኛ እንስሳ የሚያካክሉ አንበሶች፣ ፍየሎችና ወፎች አዘዘ። እንዲያ የሚያክል ነገር እቶን ውስጥ መቼ ይችላል፣ ብዙዎቹ ተሰነጠቁ፣ ስንጥቃቸው ዛሬም ሙዚየም ውስጥ ይታያል። የንጉሥ ቅንጦት የነበረው ነገር ነው ቀስ በቀስ እየረከሰ አቶቴ ድረስ የደረሰው።

ለእኔ ግን ትልቁ ትርጉም አክስትሽ ጋ ነው ያለው። ማን ሰጣት? ከየት አመጣቻቸው? የሚያውቋት ትልልቅ ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቂና ጻፊው፣ ይህን ማንም ሌላ ሰው ሊነግርሽ አይችልም።

ስታጥቢያቸው ሳፋው ውስጥ ፎጣ አንጥፊ፣ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ወርቅማ ቅብ ካላቸው አትዘፍዝፊያቸው፣ ቅቡ ይለቃል። ውሾቹን ደግሞ አንዱን ለእህት አንዱን ለወንድም ብለሽ እንዳትለያዪያቸው።